ከተፎካካሪ ኤጀንሲ ጋር እየተፎካከሩ አብሮ መሥራት፦ ለሠራተኛ አቅራቢዎች የአሠራር መመሪያ

አንድ ሰኞ ጠዋት ከአንድ ትልቅ ደንበኛ የቅጥር ክፍል የሁለት መስመር ኢሜይል ደረሰኝ፦ «የላካችሁልን እጩ ከሌላ አቅራቢም ደርሶናል። በአሠራራችን መሠረት ሁለቱንም ሰርዘናል።» በቃ። ሰውየውን ለማግኘት ሦስት ሳምንት ፈጅቶብናል፤ ለቦታው በልኩ የተሰፋ የሚባል ዓይነት ነበር። «ሌላ አቅራቢ» የተባለው ደግሞ ከወር በፊት «አብረን እንሥራ እንጂ» ተባብለን የተጨባበጥነው ተፎካካሪያችን ነው። ሲቪውንም ያገኘው ከእኛው ቢሮ ነው፤ ባልደረባዬ «የሚሆነው ቦታ ካለህ» ብሎ ልኮለት ነበር። የሰረቀ የለም፤ የዋሸም የለም። የጎደለው ያ ሲቪ ለማን ሊላክ እንደሚችል የሚናገር አንድ መስመር ጽሑፍ ነው። ሥራውን ያጣው እጩው ሲሆን ደውዬ ያስረዳሁት እኔ ነኝ።

በዚህ ሥራ ተፎካካሪን መሸሽ አይቻልም። ዛሬ በአንድ ደንበኛ ላይ የሚሻሙት ኤጀንሲ ነገ እርስዎ የማይደርሱበት ሙያ ላይ እጩ ያለው እሱ ብቻ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ የሚከተለው አሠራር ሁለቱን ለየብቻ ሳይሆን አንድ ላይ የሚይዝ ነው። የተጻፈው አነስተኛና መካከለኛ ኤጀንሲ ለሚመሩ ወይም በዚያ ውስጥ የቅጥር ሥራ ለሚሠሩ ሰዎች ነው።

ደረጃ 1፦ በሰንሰለቱ ላይ የት እንደተቀመጡ ይለዩ

ማንን «ተፎካካሪ» ብለው እንደሚጠሩ የሚወስነው የተቀመጡበት ቦታ ነው። አጭሩ ሰንሰለት ደንበኛ፣ ኤጀንሲ፣ ሠራተኛ ነው። ትልልቅ ደንበኞች ዘንድ ግን በመሐል ሌሎች ይገባሉ። ኤምኤስፒ የሚባለው አስተዳዳሪ ድርጅት ደንበኛውን ወክሎ አቅራቢዎችን ሁሉ ይመራል፤ የሠራተኛ ጥያቄዎች የሚወጡበት፣ ሲቪ የሚገባበትና የሥራ ሰዓት የሚጸድቅበት ሶፍትዌር ደግሞ ቪኤምኤስ ይባላል። ፊልድግላስና ቢላይን ከታወቁት ውስጥ ናቸው። ከዚያ በታች ጥያቄውን በቀጥታ የሚቀበለው ዋና አቅራቢ፣ ከእሱ በታች ደግሞ በእሱ በኩል ሠራተኛ የሚያቀርበው ንዑስ አቅራቢ አለ።

በቪኤምኤስ በኩል የሚሠሩ ከሆነ አንዱ ጥያቄ በአንድ ጊዜ ለብዙ አቅራቢዎች ይወጣል። ለአንድ ቦታ የሚልኩት ሲቪ ቁጥር ብዙውን ጊዜ የተገደበ ነው፤ የሚቀጥረውን ኃላፊ በቀጥታ ማናገርም አብዛኛውን ጊዜ ክልክል ነው። በአንደኛ ደረጃ የተመደቡ አቅራቢዎች ጥያቄውን ከሌሎቹ ቀድመው ያያሉ። እርስዎ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ከሆኑ ጥያቄው እስኪደርስዎ ጥሩዎቹ እጩዎች ተልከው ያልቃሉ። እንግዲህ እዚህ ላይ ከአንደኛ ደረጃ አቅራቢ ጋር ከመፎካከር ይልቅ ለእሱ ንዑስ አቅራቢ መሆን ያዋጣ ይሆናል። ክብሬ ይነካል የሚል ካለ፣ ሒሳቡን ከዚህ በታች አብረን እናየዋለን።

በአንድ ወረቀት ላይ ያሉዎትን ደንበኞች ይዘርዝሩና በእያንዳንዱ አጠገብ ሦስት ነገር ይጻፉ፦ ውሉ በቀጥታ ከእርስዎ ጋር ነው ወይስ በሌላ በኩል፣ እዚያ ደንበኛ ዘንድ የሚያውቋቸው ሌሎች አቅራቢዎች እነማን ናቸው፣ ባለፉት 6 ወራት ምን ዓይነት ጥያቄ መሙላት አቃተዎት። ሦስተኛው ዓምድ ነው የትብብር ካርታዎ። ብዙ ሰው የሚጀምረው «ማንን አውቃለሁ?» ብሎ ነው። እኔ የምለው «ምን አቃተኝ?» ብለው ይጀምሩ ነው።

ደረጃ 2፦ እጅ ከመጨባበጥ በፊት ሒሳቡን ይሥሩ

ደንበኛው በሰዓት 100 ይከፍላል፤ ሠራተኛው 70 ይወስዳል እንበል። ልዩነቱ 30 ነው። ይህ 30 ከ100 ሲሰላ 30 በመቶ ነው፤ ማርጂን ይሉታል። ከ70 ሲሰላ ደግሞ 43 በመቶ ገደማ ይመጣል፤ እሱ ማርክአፕ ነው። ሁለት ኤጀንሲዎች «በ30 በመቶ» ተስማምተው ሲለያዩ አንዱ በልቡ ማርጂን፣ ሌላው ማርክአፕ ይዞ ሊሆን ይችላል። በ70 ላይ 30 በመቶ ማርክአፕ 91 ነው። በሰዓት የ9 ልዩነት፣ 10 ሠራተኛ በሳምንት 40 ሰዓት ሲሠሩ 3,600 ይሆናል፤ በየሳምንቱ። ስለዚህ መቶኛ ብቻውን በስምምነት ውስጥ አይጻፍ። ደንበኛው የሚከፍለው ይህን ያህል፣ ሠራተኛው የሚያገኘው ይህን ያህል፣ የእርስዎ ድርሻ ይህን ያህል ተብሎ በቁጥር ይቀመጥ።

አሁን ወደ 30ው እንመለስ። አሠሪ የሚከፍላቸው ግዴታዎች፣ ኢንሹራንስና የእረፍት ቀናት 10 ወሰዱ እንበል። ኤምኤስፒው ከ100ው 3 በመቶ ይቆርጣል። 17 ቀረ። ይህን ከተባባሪ ጋር እኩል ቢካፈሉት 8.50 ይደርስዎታል፤ የቢሮውም የቀጣሪ ባለሙያውም ወጪ ከዚያው ነው።

ይህ ሁሉ ገንዘቡ በእጅ እንዳለ ቆጥረን ነው። የጊዜያዊ ሠራተኛ ሥራ ትልቁ ሸክም ግን የጊዜ ልዩነቱ ነው። ሠራተኛው በየሳምንቱ ይከፈለዋል። ደንበኛው ግን በወሩ መጨረሻ የክፍያ መጠየቂያ ይቀበልና በ60 ቀን ይከፍላል። 10 ሠራተኛ በሳምንት 40 ሰዓት በ70 ሲሠራ ሳምንታዊው ደመወዝ 28,000 ነው። የመጀመሪያው ገንዘብ ከመግባቱ በፊት 12 ሳምንት ይከፈላል፤ 336,000 ማለት ነው። ያን ገንዘብ ከኪሱ ወይም ከብድር የሚያወጣው ማነው? መልሱ «እነሱ» ከሆነ እኩል ልካፈል ማለት ነውር ነው። መልሱ «እኛ» ከሆነ ደግሞ እኩል አይስጡ። ደንበኛው ለቋሚ ቅጥር የሚከፍለውን ኮሚሽን ግማሽ በግማሽ መካፈል የተለመደና ፍትሐዊ ነው፤ ለጊዜያዊ ሠራተኛ ደመወዙን የሚሸከመው ወገን የበለጠ መውሰድ አለበት ብዬ አምናለሁ።

ክብር ስለሚነካበት ነገር ቃል ገብቼ ነበር። ንዑስ አቅራቢ ሆነው፣ ደመወዙን ዋናው አቅራቢ ተሸክሞ፣ ከ17ው 6 ብቻ ቢደርስዎት እንኳ ያለ ብድርና ያለ ወለድ የገባ 6 ነው። ብቻዎን አሸንፈው 336,000 ተበድረው ከሚያገኙት 17 ሊሻል ይችላል። ለራስዎ ደንበኛ የራስዎን ቁጥር ያስገቡና ይዩት።

ደረጃ 3፦ የሚቀርቡትን ይምረጡ

ሦስት ዓይነት ኤጀንሲዎች ጥሩ ተባባሪ ይወጣቸዋል። የእርስዎን ደንበኛ ዓይነት የሚያገለግል ግን ሌላ ሙያ ላይ የሚሠራ፤ ለምሳሌ እርስዎ የሒሳብ ባለሙያ ሲያቀርቡ እሱ ሶፍትዌር ሠሪ። በእርስዎ ሙያ የሚሠራ ግን በሌላ አካባቢ ያለ። ሦስተኛው፣ ሰዎች የሚረሱት፣ በጨረታ አብሮዎት የተሸነፈ ነው። ያሸነፈው አቅራቢ ሁለታችሁም ያላችሁን እጩ ይፈልጋልና አንድ ላይ ብትቀርቡት ይሰማችኋል።

መገናኛ ቦታ አይጠፋም። የሙያ ማኅበራት አሉ፤ የአሜሪካው የሠራተኛ አቅራቢዎች ማኅበር ከ1966 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ፤ ዛሬ ወርልድ ኢምፕሎይመንት ኮንፌደሬሽን የሚባለው ዓለም አቀፍ ኅብረት ደግሞ በ1967 ተመሥርቶ በ2016 ነው ስሙን የቀየረው። ኮሚሽን ለመካፈል ተብለው የተቋቋሙ የኤጀንሲ መረቦችም አሉ፤ ኤንፒኤ ወርልድዋይድ መነሻው 1956 ነው። ሐሳቡ አዲስ አለመሆኑን ልብ ይሏል። ሊንክድኢን ለመፈለጊያ ጥሩ ነው፤ ለመተማመኛ ግን አይበቃም። በእኔ ልምድ አንድን ኤጀንሲ ለማወቅ የሚሻለው መንገድ በእነሱ በኩል የተቀጠሩ ሁለት ሰዎችን ማናገር ነው፦ ደመወዝ በቀኑ ገባ? ስልክ ሲደወል ያነሳሉ? ሥራው ሲያልቅ ምን አሉ? ሠራተኛውን የሚያንገላታ ኤጀንሲ ተባባሪውንም ሳያንገላታ አይቀርም።

አንድ የማልቀበለው ዓይነት አለ፦ በመጀመሪያው ቀን «ያላችሁን እጩ ሁሉ ላኩልን፣ እናያለን» የሚል። ያ ትብብር አይደለም፤ ጎተራዬን ሙሉልኝ ማለት ነው።

ደረጃ 4፦ መጀመሪያ እርስዎ ይስጡ፣ ግን ትንሽ

የመጀመሪያው ስልክ ረጅም መሆን የለበትም። እኔ የምለው ይህን ይመስላል፦

«ጤና ይስጥልኝ። እኛ የምንሠራው የሒሳብና የኦዲት ሰዎች ላይ ነው። አንድ ደንበኛችን የመጋዘን ተቆጣጣሪ ጠይቆን ነበር፤ እኛ በዚያ ሙያ ሰው የለንም፣ እናንተ እንዳላችሁ ሰምቻለሁ። ኮሚሽኑን እኩል ብንካፈል ፈቃደኛ ናችሁ? ከሆናችሁ የደንበኛውን ስም ከመናገሬ በፊት የአንድ ገጽ ስምምነት ልላክ።»

እዚህ ውስጥ አራት ነገር አለ፦ ማን እንደሆኑ፣ ምን እንደጎደለዎት፣ ምን እንደሚሰጡ፣ ስሙ ከወረቀቱ በኋላ እንደሚመጣ። «መቼ ቡና እንጠጣ» የሚል የለበትም። ቡናው ከመጀመሪያው ቅጥር በኋላ ይጣፍጣል።

በአንድ ጥያቄ ብቻ ይሞክሯቸው። የሚያዩት ቅጥሩ መሳካቱን አይደለም፤ ያ በዕድልም ይመጣል። ሲቪ ሲልኩልዎት ሰውየውን በእርግጥ አናግረውታል ወይስ ከዳታቤዝ ስበው ነው የላኩት? ደንበኛው «አይሆንም» ሲል ምክንያቱን ይጠይቃሉ ወይስ ይጠፋሉ? ሁለት ሲቪ ልከው ሁለቱም ቃለ መጠይቅ የደረሱለት ኤጀንሲ አሥራ አምስት ከላከው ይበልጣል።

ደረጃ 5፦ ስምምነቱን በጽሑፍ ያድርጉ

ረጅም ውል አያስፈልግም፤ ግን የሚከተሉት ካልተጻፉ አንድ ቀን ይከፈልባቸዋል። ፊርማው ከመኖሩ በፊት የአገሩን የሥራ ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ ይየው።

የኮሚሽን ድርሻና የሚከፈልበት ጊዜ። ደንበኛው ለእርስዎ ሲከፍል ነው ወይስ ደንበኛው ቢዘገይም በተወሰነ ቀን? አብዛኛው ኤጀንሲ የመጀመሪያውን ይመርጣል። እሱን ከመረጡ ግን ደንበኛው መክፈሉን ተባባሪዎ በምን እንደሚያውቅ፣ ከገባ በኋላም በስንት ቀን ድርሻው እንደሚላክለት ይጻፉ። «ሲከፈለን እንከፍላለን» ብቻውን ለጠብ የተዘራ ዘር ነው።

የዋስትና ጊዜ። ይህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ወዳጅነት የፈረሰው እዚህ ነው። በቋሚ ቅጥር ሠራተኛው በዋስትናው ጊዜ ውስጥ ከለቀቀ ኤጀንሲው ምትክ ያመጣል ወይም ገንዘብ ይመልሳል፤ ጊዜው አብዛኛውን ጊዜ ከ30 እስከ 90 ቀን ነው። ዓመታዊ ደመወዙ 600,000 የሆነ ሰው አስቀጥራችሁ ኮሚሽኑ 20 በመቶ ነው እንበል፤ 120,000። ደንበኛው ወዲያው ከፈለ፤ 60፣ 60 ተካፈላችሁ። በ50ኛው ቀን ሰውየው ለቀቀ። ደንበኛው ውል ያለው ከእርስዎ ጋር ስለሆነ 120,000ውን የሚጠይቀው እርስዎን ነው። ተባባሪዎ ድርሻውን ለደመወዝ አውጥቶታል። የመመለስ ግዴታው በጽሑፍ ከሌለ የሁለቱንም ድርሻ እርስዎ ብቻዎን ይከፍላሉ። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ዋስትናው ለሁለቱም በድርሻቸው መጠን እንደሚሠራ ይጻፉ። ከአዲስ ተባባሪ ጋር ከሆነ ደግሞ ግማሹን ድርሻ ዋስትናው እስኪያልቅ ያቆዩ። አኩርፎ የሄደ ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም፤ ቀድሞ ሲነገር ሰው ይረዳል።

ደንበኛን አለመንካት። ተባባሪው በእርስዎ በኩል የተዋወቀውን ደንበኛ ለተወሰነ ጊዜ፣ ብዙ ጊዜ 12 ወር፣ በቀጥታ እንዳይቀርብ። እዚህ ላይ ይጠንቀቁ፦ ከዚያ በፊት በራሱ ያገለግላቸው የነበሩ ደንበኞችን ዝርዝር ያስመዝግብ፤ እገዳው እነሱን አይጨምርም። ይህ ዝርዝር ካልኖረ «እኔ አስቀድሜ አውቃቸዋለሁ» የሚለውን ክርክር ማንም አይፈታውም። እገዳው ለዚህ ሥራ ከሚያስፈልገው በላይ ሰፊ እንዳይሆንም ጠበቃውን ይጠይቁ።

የእጩው ባለቤትነት። ቃሉን አልወደውም፤ ሰው ባለቤት የለውምና። ግን በዘርፉ የሚባለው ይኸው ነው። ትርጉሙ፦ በተባባሪዎ የቀረበ እጩ በዚያው ደንበኛ ዘንድ በ6 ወይም በ12 ወር ውስጥ ለሌላ ቦታም ቢቀጠር ድርሻው ይከበርለታል።

የቀረውን በአጭሩ፦ ሚስጥር መጠበቅ፣ ለጊዜያዊ ሠራተኛ ኢንሹራንሱን የሚገዛው ማን እንደሆነ፣ የዋናው ደንበኛ ውል የሚያስገድዳቸው ነገሮች ለንዑስ አቅራቢውም እንደሚሠሩ። አንዳንድ ደንበኞች ንዑስ አቅራቢ መጠቀምን ጨርሶ ይከለክላሉ ወይም ቁጥሩን ይገድባሉ፤ ከመፈረምዎ በፊት የራስዎን ውል መልሰው ያንብቡት።

ደረጃ 6፦ ሲቪ ከመላክዎ በፊት ፈቃድና መዝገብ

በዚህ መመሪያ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ቢይዙ ይህን ይያዙ። መግቢያው ላይ የነገርኩት ኪሳራ የመጣው ከዚህ ጉድለት ነው።

ለእያንዳንዱ ደንበኛና ለእያንዳንዱ ቦታ ከእጩው የጽሑፍ ፈቃድ ይውሰዱ። አጠቃላይ «ሥራ ፈልጉልኝ» አይበቃም። የምንልከው መልእክት ይህ ነው፦

«ሰላም። ዛሬ በስልክ እንደተነጋገርነው ለዚህ ድርጅት፣ ለሲኒየር ኦዲተር ቦታ፣ በዚህ የሰዓት ክፍያ ልናቀርብዎት ነው። ለዚሁ ቦታ ሌላ ኤጀንሲ አስቀድሞ አቅርቦዎት ያውቃል? ካላቀረበዎትና እኛ እንድንወክልዎ ከተስማሙ ‹ተስማምቻለሁ› ብለው ይመልሱልን። ፈቃዱ ለ30 ቀን የሚሠራ ነው።»

የድርጅቱን ስም ለእጩው አለመንገር የለመዱ የኤጀንሲ ሰዎች አሉ፤ እጩው በራሱ ያመለክታል ብለው ስለሚሰጉ። ስም ካልተነገረው ግን ሁለት ኤጀንሲ አንድ ቦታ እየላከው መሆኑን በምን ያውቃል? ስሙን ይንገሩት። አንድ እጩ ከማጣት ይልቅ ደንበኛው ዘንድ ያለዎትን መልካም ስም ማጣት ይከፋል።

መዝገቡ ተራ ኤክሴል ቢሆንም ይበቃል። ዓምዶቹ፦ የእጩው ስም፣ ደንበኛው፣ የቦታው ቁጥር፣ ፈቃድ የሰጠበት ቀንና ሰዓት፣ በማን በኩል እንደመጣ፣ የተላከበት ቀንና ሰዓት፣ ውጤት። ሰዓቱ አይዘለል። በቪኤምኤስ ውስጥ ብዙ ጊዜ ቀድሞ ያስገባ ይቀበላል፤ አንዳንድ ደንበኞች ደግሞ የእጩውን ፈቃድ ያሳየውን ይመርጣሉ፤ እኛ እንደደረሰብን ሁለቱንም የሚሰርዙም አሉ። የደንበኛዎ ሕግ የትኛው እንደሆነ ዛሬውኑ ይጠይቁ።

ለተባባሪ ሲቪ ሲልኩ ደግሞ በኢሜይሉ ራስ ላይ ይህን ያስገቡ፦ «ለዚህ ደንበኛ፣ ለዚህ ቦታ ብቻ። ለሌላ ከመላካችሁ በፊት ጠይቁን።» ባልደረባዬ ያኔ ያልጻፈው መስመር ይኸው ነው።

ደረጃ 7፦ በሚፎካከሩበት ቦታ በደንብ ይፎካከሩ

ትብብር ውድድርን አያስቀርም፤ እንዲያውም ስምምነት የሌላችሁ ደንበኛ ዘንድ ያው ተባባሪዎ በሙሉ ኃይሉ ይመጣብዎታል፤ እርስዎም ይምጡበት። የሚያሳስበኝ በምን እንደምንፎካከር ነው።

ብዙዎች ዋጋ ይቀንሳሉ። ከላይ ያለውን ሒሳብ ያስታውሱ፤ ከ100ው 5 ቀንሰው በ95 ቢገቡ፣ የሠራተኛው 70 ካልተነካ፣ ኪሳራው ከሞላ ጎደል ሁሉ የሚወጣው ከ17ቱ ነው፤ ሲሶው ሊሄድ ምንም አልቀረው። ሠራተኛውን ወደ 66 ካወረዱት ደግሞ ሌላ ኤጀንሲ በ70 ይወስደዋል፤ በሦስተኛው ሳምንት ቦታው ባዶ ይሆናል። ተፎካካሪዎ በማይታመን ዋጋ ከገባ ተከትለው አይውረዱ። ደንበኛው «በዚህ ዋጋ ሠራተኛው ስንት ይደርሰዋል?» ብሎ እንዲጠይቃቸው ብቻ ይንገሩት። ይህ ጥያቄ ስም ማጥፋት የለበትም፤ ውጤቱ ግን ከአሥር ቅሬታ ይበልጣል።

በፍጥነትና በጥራት ይፎካከሩ። ሦስት ቁጥር በየወሩ ይያዙ፦ ከላካችኋቸው ውስጥ ስንቱ ቃለ መጠይቅ ደረሰ፣ ቃለ መጠይቅ ከደረሱት ስንቱ ተቀጠረ፣ ከተቀበላችኋቸው ጥያቄዎች ስንቱን ሞላችሁ። የመጀመሪያው ቁጥር ዝቅ ካለ ችግሩ የራስዎ ማጣሪያ ነው። ሁለተኛው ዝቅ ካለ ደንበኛው የሚፈልገውን በትክክል አልተረዳችሁም ወይም ደመወዙ አያዋጣም። ሦስተኛው ዝቅ ካለ የማይችሉትን እየተቀበሉ ነውና ደረጃ 1 ላይ ወዳለው ሦስተኛ ዓምድ ይመለሱ። ደንበኛው ጥያቄ ሲያወጣ በመጀመሪያው ሰዓት ደውሎ «የቀድሞው ሰው ለምን ለቀቀ?» ብሎ የሚጠይቅ ኤጀንሲ፣ በኤምኤስፒም በኩል ቢሆን በተፈቀደው መስመር፣ ከሌሎቹ ግማሽ ቀን ቀድሞ ይደርሳል።

ደረጃ 8፦ ከተፎካካሪ ጋር የማይወራ

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ የኤጀንሲ ባለቤቶች ስብሰባ ላይ ነው ይህን ተረት የማስታውሰው። «ለነርስ ከዚህ በላይ አንክፈል»፣ «የእናንተን ሠራተኛ አንወስድም፣ የእኛን አትውሰዱ»፣ «ያ ደንበኛ ለእናንተ፣ ይህ ለእኛ» ማለት በብዙ አገር ወንጀል ሊሆን ይችላል፤ በጽሑፍ ባይሆንም፣ በሳቅ ቢነገርም። የአሜሪካ የፍትሕ ሚኒስቴርና የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በጥቅምት 2016 እ.ኤ.አ. ባወጡት መመሪያ ከምንም የጋራ ሥራ ጋር ያልተያያዘ የደመወዝ ስምምነትንና አንዱ የሌላውን ሠራተኛ ላለመውሰድ የሚገባውን «አንሻማ» ውል በወንጀል እንደሚከሱ አስታወቁ። በ2022 በኔቫዳ ለትምህርት ቤቶች ነርስ የሚያቀርብ አንድ ኩባንያ ከተፎካካሪው ጋር ተስማምቶ ደመወዝ ዝቅ አድርጎ መያዙን አምኖ 62,000 ዶላር ተቀጣ፤ ለነርሶቹም 72,000 ዶላር እንዲከፍል ተፈረደበት። የድርጅቱን መጠን ያስቡት፤ የዓለም ግዙፍ ኩባንያ አይደለም።

ታዲያ ከላይ ያልነው «ደንበኛዬን አትንካ» ከዚህ በምን ይለያል? ያኛው ለአንድ የተወሰነ የጋራ ሥራ፣ ለተወሰነ ጊዜ፣ ሥራው እንዲሠራ የሚያስፈልግ ነው። ገበያ መካፈል ግን ከምንም የጋራ ሥራ ጋር አይያያዝም። ጠበቃ የሚያስፈልገውም መስመሩ የቀጠነበት ቦታ ላይ ነው። በስብሰባ ወሬው ወደዚያ ካዘነበለ ይቁሙ፣ «በዚህ ላይ አልነጋገርም» ይበሉ፣ ይውጡ፤ ቢሮ ሲደርሱ ቀኑንና ሰዓቱን ጽፈው ያስቀምጡ። ዝም ብሎ መቀመጥ እንደ ስምምነት ሊቆጠር ይችላል።

ሌላው ቀይ መስመር ከሠራተኛው ገንዘብ መውሰድ ነው። የዓለም የሥራ ድርጅት በ1997 እ.ኤ.አ. ያወጣው የግል ሥራና ሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲዎች ስምምነት ቁጥር 181 በአንቀጽ 7 ኤጀንሲዎች ከሠራተኛ በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ክፍያ እንዳይጠይቁ ይደነግጋል፤ ልዩ ሁኔታዎቹ ጠባብ ናቸው። እርስዎ ባይጠይቁም በሰንሰለቱ ታች ያለ ንዑስ አቅራቢ ሊጠይቅ ይችላል። ስለዚህ አዲስ ሠራተኛ ሥራ ሲጀምር በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ጥያቄ ይጠይቁት፦ «ይህን ሥራ ለማግኘት ለማንም የከፈልከው ገንዘብ አለ?» እኛ ይህን ጥያቄ ከጀመርን ወዲህ አንድ ንዑስ አቅራቢ አሰናብተናል።

ደረጃ 9፦ ጠብ ሲነሳ

ይነሳል። መጀመሪያ ደንበኛውን ከነገሩ ያውጡት፤ ሁለት አቅራቢ ኢሜይል ላይ ሲነታረኩ ያየ ደንበኛ ሁለቱንም መተካት ይጀምራል። በዚያው ቀን ይደውሉ፤ በጽሑፍ የተጀመረ ጠብ በጽሑፍ ይበዛል። ሁለታችሁም መዝገባችሁን ከፍታችሁ ሰዓቱን አስተያዩ። የቀደመው ሰዓት የእነሱ ከሆነ ወዲያው ይልቀቁላቸው። የእርስዎ ከሆነና ነገሩ ትንሽ ከሆነ እንኳ ድርሻዎን ይውሰዱ፤ በይሉኝታ የተተወ ገንዘብ ሆድ ውስጥ ይቀራል፤ በሚቀጥለው ሥራ ላይ በሌላ ስም ይወጣል።

በ3 ወር አንድ ጊዜ የተባባሪዎችን ዝርዝር ይክፈቱ። ከእያንዳንዱ ጋር ስንት ጥያቄ እንደተሰጠ፣ ስንት እንደተቀበላችሁ፣ ድርሻ በስንት ቀን እንደተከፈለ ይዩ። አንዱ ወገን ብቻ የሚሰጥበት ዓምድ ካለ ደውለው ይንገሩት። በሚቀጥለው ሩብ ዓመት ካልተለወጠ ጥያቄ መላክዎን ያቁሙ፤ ለሚጠይቅዎትም ምክንያቱን ሳይደብቁ ይንገሩ።

ያን ሰኞ ሁለታችንንም የሰረዘው ደንበኛ ዘንድ ከዚያ ተፎካካሪ ጋር ዛሬም እየተሻማን ነው። በሌላ ሁለት ደንበኛ ግን አብረን እንሠራለን፤ ሲቪ ሲልክልኝ የኢሜይሉ የመጀመሪያ መስመር «ለዚህ ቦታ ብቻ» ይላል።